የሉማሜው መርዶ

ጡሩምባ ነፊነት ማንም ሊይዘው የማይፈልገው፣ ሌላ ሰው እንዲይዝለት ግን ሁሉም የሚፈልገው ሥራ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ የደብረ ማርቆስን ብርድ በጋቢ ተከልሎ፣ ውሻ እያሯሯጠው በየአጥሩ ሥር የሰው ሞት የሚለፍፍ ሰው ምስጋና የሚያገኘው ራሱ ሲሞት ነው፤ ያውም የእሱን ሞት የሚለፍፍ ሌላ ሰው ከተገኘ። ይሄይስ ሥራውን የተቀበለው እድሩ ሲቋቋም ሽማግሌዎቹ ዙሪያቸውን ቃኝተው የዚህ ሰውዬ ሳንባ ደህና ነው ስላሉ ነበር። ጎበዝ ነው ሳይባል ሳንባው ደህና ነው ተብሎ መመረጡ ትንሽ ከንክኖታል። ቢሆንም ያዘው፤ ከያዘውም ወዲያ አልለቀቀውም።

እንጀራው ግን በር ነው። ከከተማው ወደ ደምበጫ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለው ሰፈራቸው፣ እሱ ያልገጠመው በር የለም ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም። ሳንቃውን ራሱ ይልጋል፣ ማጠፊያውን ራሱ ይመታል፤ መቀርቀሪያውን ከገጠመ በኋላም ባለቤቱን ከውጭ አቁሞ እስቲ በትከሻህ ግፋው ይለዋል። ምክሩም ከበሩ ጋር በነፃ ይመጣ ነበር። ቁልፍ ከበሩ በላይ፣ ጉበን ላይ አታኑሩ፣ ከድንጋይ ሥር አትደብቁ፣ ሌባ ሲመጣ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው እዚያ ነው ይላቸዋል። እነሱም እሺ፣ እሺ እያሉ ጉበን ላይ ያኖራሉ። ምን ያድርጉ፤ ቁልፉ አንድ፣ ቤተሰቡ ብዙ፣ አንዱ ወደ እርሻ አንዷ ወደ ገበያ የሚሮጡ ናቸው።

ደግሞም ሰው የማይጠፋበት ሰፈር ነው። አንዷ ደጇ ላይ ገብስ ስታሰጣ ዓይኗ የጎረቤቷን በር አብሮ ይጠብቃል፤ አንዱ ሽማግሌ ፀሐይ ሊሞቅ ሲወጣ ሳያውቀው ዘበኛ ሆኖ ይውላል። ያ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ባዶ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሄይስ ጡሩምባውን ሲነፋ። ልቅሶ ሳይደርስ የሚቀር ሰው ከእድሩ ቅጣት ይልቅ የጎረቤቱን ምላስ ይፈራል። ይህን ነገር ከሰፈሩ ሰው ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ ይሄይስም ራሱ ልብ አላለውም። ልብ ያለው ሌባ ነው።

ከሰፈሩ ሁሉ ለይሄይስ የምትቀርበው እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ናት ማለት ድፍረት ነው፤ ናቸው እንበል። ከደምበጫ ገጠር በጉርምስናው አንድ መጥረቢያ ተሸክሞ ሲመጣ ማድቤታቸውን ለቀው ያሳደሩት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ሞተው ቆብ ሳይደፉ በፊት ነው ይህ። እሱም በከተማ የመጀመሪያ የሆነውን በር የገጠመው ለእሳቸው ነበር። ዛሬም አለ። ትንሽ ወደ ግራ ያጋደለ ነው፤ ልቀይርልዎ ባለ ቁጥር እማሆይ፣ እኔም ወደ ግራ አጋድያለሁ፣ እንዲሁ አብረን እንጨርስ ይሉታል።

ያላቸው ልጅ ምናለ ብቻ ነው። ይሄይስ ምናለን መላጊያ ሊያስተምረው ብዙ ሞክሮ ነበር፤ የምናለ ልብ ግን ጎማ ላይ ሆነ። ሉማሜ ወርዶ፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር ፀደንያ ከምትባል ሴት ሻይ ቤት አጠገብ ጎማ ጠጋኝ፣ እነሱ እንደሚሉት ጎሚስታ፣ ሆነ። ለእናቱ ሳይደውል የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። እሱም ቢሆን የኔትወርክ ጥፋት እንጂ የእሱ አይደለም።

በጥር ወር በአንድ ምሽት፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ለይሄይስ ስልክ ተደወለለት። ቁጥሩን አያውቀውም። የደወለው ሰው ረጋ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ያለው ነው። የምናለ የሥራ ጓደኛ ነኝ አለ። ከሰዓት በኋላ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ምናለ ማረፉን፣ ሬሳው ለመንገድ የማይመች መሆኑን፣ ቀብሩም ነገ በስድስት ሰዓት እዚያው ሉማሜ እንደሆነ በዝግታ አስረዳው። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አደራዎትን ጋሽ ይሄይስ፣ እናቲቱ በስልክ እንዳይሰሙ። በወጉ ይረዱ» አለው። ይሄይስ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መካከል፣ ይህ ልጅ እንዴት ያለ ያደገ ልጅ ነው ብሎ አሰበ። ኋላ ራሱን ሲረግም ከሁሉ በፊት የሚያስታውሰው ይህችን ነበር።

ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ አማረ ቤት ሄደ። ሁለቱ ሆነው የምናለን ስልክ ደጋግመው ሞከሩ፤ አይገኝም። የነጋሪውንም ሞከሩ፤ እሱም አይገኝም። ኔትወርኩ በዚያ ሰሞን ውሎ የሚያድርበት አልነበረምና ይህ አላስገረማቸውም። ወደ ቤት ሲመለስ ሚስቱ ስሜነሽ የሆነውን ሰምታ፣ ጉልበቷ አሟት ከተኛችበት ቀና ብላ፣ ለምን እማሆይን ዘወር አድርጋችሁ አትጠይቋቸውም፣ ምናለን መቼ እንዳነጋገሩት ይነግሯችኋል አለችው። ይሄይስ ተመልሶ ለአቶ አማረ ይህንኑ ነገረው። አቶ አማረ ራሱን ነቀነቀ።

«እናት ሞኝ አይደለችም» አለው። «በዚህ ሰዓት ስለ ልጇ ከጠየቅናት አረዳናት ማለት ነው።»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። የሞተበት ሰው እንቅልፉን ተኝቶ ይደር፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ውሃ የሚያርከፈክፍና ክንድ የሚይዝ ተዘጋጅቶ፣ ያን ጊዜ ይነገረዋል። እስከዚያ አይጠየቅም፣ ፊቱ አይታይም፣ በደጁም አይታለፍም። ሰውን ከሐዘን ለመጠበቅ የወጣ ወግ ነው። እኔ ወጉን አልነቅፍም፤ ሌባው እንደ እኛው አሳምሮ ያውቀው ነበር እንጂ።

ጎህ ሲቀድ ይሄይስ ነፋ። ያን ቀን እንደነፋው ነፍቶ አያውቅም፤ እሱም እያለቀሰ ነበርና ጡሩምባው መካከል ላይ ይቆራረጥበታል። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። እማሆይ ለኪዳን ሊሄዱ ነጠላቸውን ሲያጣፉ በሩ ላይ ሰው አዩ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ብዙ። አቶ አማረ ልጅዎ ምናለ ትናንት ከሰዓት በኋላ አረፈ አላቸው። እማሆይ አልወደቁም። የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አዩ።

«ማታ አናግሮኛል እኮ» አሉ። «ከጸሎት በኋላ ደውሎ፣ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ይህን ሲሉ ልቅሶው ባሰ። ምስኪን፣ አእምሯቸው አልቀበል ብሎ ነው ተባለ። የእናት አንጀት እንዲህ ነው ተባለ። አንዷ ጎረቤት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ፣ አዎን እማሆይ፣ ያናግርዎታል፣ በሕልምዎም ይመጣል ብላ አለቀሰችላቸው። እሳቸው ግን ሕልም አላልኩም፣ ደውሉለት ይላሉ። አቶ አማረ አንጀቱ አልችል ብሎ ደወለ፤ ደንበኛው አይገኙም አለች ያቺ የስልክ ሴትዮ። ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ነበርና ሰው ሁሉ ሰምቶ እንደ አዲስ ጮኸ። የእማሆይንም ስልክ፣ ድምፁን ትዝ እያሰኘ እንዳይጎዳቸው ብለው ወሰዱባቸው። ማታ ማን እንደደወለ ከፍቶ ያየ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በተገኙት አውቶቡሶች ሁሉ ተጭነው ወደ ሉማሜ ወረዱ። ከሰፈሩ የቀሩት ጉልበቷ ያልታዘዘላት ስሜነሽ፣ ደግሞም ውሾች ብቻ ናቸው። እማሆይ መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ እያዩ፣ ማታ እኮ አናግሮኛል ይላሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት እጃቸውን እያሻሸች እሺ ትላለች። ይሄይስ ከኋላ ሆኖ ይህን በሰማ ቁጥር ጡሩምባውን ጭኑ ላይ ያገላብጠዋል። አንዲት ነገር ውስጡን ነክታዋለች፤ እንዳይናገራት ግን ሐዘኑ አፍኖታል።

ሉማሜ ሲደርሱ ሴቶቹ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ደረት መድቃት ጀመሩ። ምናለ በዚያ ሰዓት ከአንድ የጭነት መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ፊቱ በግራሶ እንደጠቆረ ተንፏቆ ሲወጣ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በእንባ ሲመጣ አየ። እናቱን ፈለገ፤ አጭር ናቸውና በሰው መካከል አልታዩትም። የእናቱን ሞት ሊነግሩት የመጡ መሰለው። እናቴን፣ እናቴን እያለ ራሱን መሬት ላይ ጣለ።

እንግዲህ እዩት። በወዲህ በኩል ሰፈሩ ለምናለ ያለቅሳል፤ በወዲያ በኩል ምናለ ለእናቱ ያለቅሳል። ፀደንያ የሻይ ብርጭቆ በእጇ እንደያዘች ከበሯ ላይ ቆማ ማንን እንደምታጽናና ጠፋት። እማሆይ ናቸው የሰውን ክንድ እየገፉ ያለፉት። መጡና ከልጃቸው አጠገብ ቁጭ አሉ፤ ግራሶውን በነጠላቸው ጫፍ ከግንባሩ ጠረጉለት። ከዚያም ዘወር ብለው ይሄይስን አዩትና፣ አልነገርኳችሁም ወይ አሉት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ልቅሶ እንዴት እንደሚጀመር ሁሉም ያውቃል፤ እንዲህ ባለ ቀን እንዴት እንደሚቆም የሚያውቅ ግን የለም። አንዱ ሳቅ አለ፤ አንዷ እንባዋ ሳይደርቅ እልል አለች፤ ሰዎች ምናለን እየዳበሱ ሻይ ማዘዝ ጀመሩ። ማን ይሆን እንዲህ ያለ ቀልድ የቀለደው እያሉ ተጠያየቁ። ይሄይስ የሰጡትን ሻይ ሳይቀምስ አስቀመጠው። ቀልድ እንዳልሆነ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ዙሪያውን ሲያይ ያየው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ነው፤ ሁሉም ሉማሜ ነው። በሩን ሁሉ አንድ በአንድ በዓይነ ሕሊናው አየው፤ ማን እየተጣደፈ ቁልፉን ጉበን ላይ እንዳኖረ፣ ማን በሩን ገጭ አድርጎ ብቻ እንደሮጠ። ወደ አቶ አማረ ጆሮ ጠጋ ብሎ ተነሱ፣ እንሂድ አለው።

ሲደርሱ አንድም በር አልተሰበረም። ያ ነው የባሰው። ጓጉንቸር ቁልፎቹ በወጉ ተከፍተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ በሮቹ ወለል ብለዋል። ቴሌቪዥን የነበረው ቴሌቪዥኑን፣ ስፌት የምትሰፋው መኪናዋን፣ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ምርጥ ጤፍ አጡት። ከእማሆይ ቤት የጠፋው ለራሳቸው መገነዣ ብለው ከሣጥናቸው ያኖሩት አቡጀዲ ነው። ሌባው ምን ሊያደርግበት ነው ብለን ብንጠይቅ መልስ የለውም።

ስሜነሽ አይታቸዋለች። ረፋዱ ላይ አንድ አይሱዙ መጥቶ ሰዎች ከቤት ወደ ቤት ዕቃ ሲያወጡና ሲጭኑ በመስኮት አይታ፣ ለልቅሶው ድንኳን መቀመጫና ድስት የሚያሰባስቡ የእድር ልጆች መሰሏት። በዱላ ተደግፋ ደጇ ድረስ ወጥታ እግዜር ያጽናችሁ ብላቸዋለች። እነሱም ቆብ አውልቀው አሜን አሏት። ቤቷ ጭስ ይጨስ ነበርና፣ ሰውም ነበረበትና፣ ዝር አላሉበትም።

እንዲህ ሆኖ ከሰፈሩ ሁሉ ያልተዘረፈው የይሄይስ ቤት ብቻ ሆነ።

ፊት ለፊት አንተ ነህ ያለው ሰው የለም። ቢሉት ይሻለው ነበር፤ ይከራከራል፣ ይምላል፣ ይጣላል። ሰው ግን ሰላምታውን አሳጠረበት። ፖሊስ ጠርቶት ቃሉን ሰጥቶ በዕለቱ ተመለሰ፤ መመለሱ ግን ከመጠራቱ ያነሰ ነገር ሆኖ ተቆጠረ። መርዶው ወደ ማን ተደወለ፤ ወደ እሱ። ማን ነፋ፤ እሱ። በሮቹን ማን ገጠመ፤ እሱ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይሉ የለ፤ ሰፈሩ ገንፎውን ትቶ ስንጥሩን ሲያላምጥ ከረመ። ስሜነሽ እግዜር ያጽናችሁ ማለቷ ሳይቀር ለምስጢር ተቆጠረባት።

አንድ ቀን የሚያጠራው የመሰለ ወሬ መጣ። በደምበጫ ገበያ አንድ ሰው የስፌት መኪናዋን ሲሸጥ ተያዘ። ይሄይስ ደስታው ግማሽ ቀን አልሞላም። ሰውዬው ባለፈው ክረምት ከእሱ ጋር ሳንቃ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ምሳ አብረው ሲበሉ ስለ እማሆይ፣ ስለ ምናለ፣ ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ እንዴት ነቅሎ እንደሚወጣ ያጫወተው ይሄይስ ራሱ ነው። በኩራት ነበር ያጫወተው፤ የእኛ ሰፈር ሰው ልቅሶ ላይ አይታማም ብሎ። ሰውዬው ይሄይስ እንደሌለበት ተናግሯል። ሰፈሩ ግን የሰማው የይሄይስ ሠራተኛ የሚለውን ብቻ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የይሄይስ ስም እሱ በሕይወት ሳለ ተቀብሮ ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በከተማው ያሉት በያጆች ሥራ በዛላቸው፤ የይሄይስ ሳንቃ በር እየተነቀለ የላሜራ በር ገባ። አጥሩ በብሎኬት ተነሣ፣ በላዩ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተከለ። ገብስ ማስጫው ግቢ ውስጥ ገባ፤ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት ሽማግሌዎች በየግቢያቸው ለየብቻ መሞቅ ጀመሩ። አሁን የጎረቤቱን በር የሚያይ ሰው የለም፤ በሩ ራሱን ይጠብቃል ተብሏልና። ይሄይስ በዚህ በኩል ሲያልፍ የባለሙያ ዓይኑ አያርፍምና፣ ይህን አጥር የዘለለ ሌባ ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ ዘና ብሎ ይሠራል ብሎ አሰበ። ለማንም አልተናገረም። የእሱን ምክር የሚሰማ ማን አለ።

ጡሩምባውን ሊያስረክብ ለእድሩ ስብሰባ ይዞት ሄዶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሰዎች ጡሩምባውን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። የሚነካው ጠፋ። ሌባ ነው ብለው የሚያሙት ሰዎች ብርዱን ሲያስቡት ጡሩምባው እዚያው እሱ ዘንድ ይቆይ አሉ። ግን ከእንግዲህ ሬሳውን በዓይኑ ያየ ሰው ሳይመሰክር ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ቢወጣም ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቀጥሎ አንድ አዛውንት ሞቱ። ይሄይስ ሲነፋ በላሜራው በር ቀዳዳ ሬሳውን ማን አየው የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው እንደ ድሮው ትከሻ እየተቀያየረ ሳይሆን፣ ተሸካሚ እየተለመነ ተቀበሩ።

የይሄይስን ደጅ የረገጡት እማሆይ ብቻ ናቸው። ቤቱ መጥተው ስሜነሽን ጉልበቷን ጠየቁ፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተ ሌባ አይደለህም» አሉት። «ግን አልሰማኸኝም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ወጉን ተወውና መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ። ትምልልኛለህ?»

ማለላቸው። ያን ጊዜ መሐላው ቀላል ነበር።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሄይስ ለአንድ ገበሬ የበሬ ቀንበር ሲጠርብ፣ በር የሚያሠራው ሰው ከጠፋ ወዲህ ሥራው ይህ ነበርና፣ ስልኩ ጮኸ። ፀደንያ ናት፣ የሉማሜዋ ባለ ሻይ ቤት። ከዚያን ቀን ወዲህ በየበዓሉ ይደዋወላሉ፤ ድምፅዋን ያውቃል። ድምፅዋ ግን የእሷ አልመስል አለው። ምናለ ከመኪና ሥር እያለ መኪናውን ያነሣበት ጃክ ተንሸራቶ ነው አለችው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነው አለችው። ይሄይስ አላመናትም፤ ስድብ ሊሰድባት ምንም አልቀረው። ዘጋና መልሶ ደወለላት። ቄሱን አገናኘችው። ቄሱ እኔ ራሴ ገንዤዋለሁ ብለው ነገሩት።

አቶ አማረ በዚያ ቀን ለዘመድ ተዝካር መርጡለ ማርያም ሄዷል። ወጉ እስኪነጋ ጠብቅ ይላል። መሐላው ጠይቅ ይላል። ይሄይስ ከቀንበሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ። ደግሞ አንድ ክፉ ተስፋ ነበረችበት፤ ምናልባት ዛሬም እማሆይ አሁን ገና አናገርኩት ይሉታል፣ ምናልባት ዛሬም ሰው ሁሉ ተሳስቶ እሳቸው ብቻ ልክ ይሆናሉ። ይህን ይዞ ተነሣ። ጡሩምባውንም ለምን እንደሆነ ሳያውቀው በጋቢው ሥር ያዘ።

እማሆይ ወደ ግራ ካጋደለው በር ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ለጠፋው አቡጀዲ ምትክ መሆኑ ነው። በሌባ እጅ የማይገባ አሸምናለሁ ይሉ ነበር። ይሄይስ ሰላምታ ሰጠ፤ ተቀመጥ አሉት፤ አልተቀመጠም። የሚለውን መንገድ ላይ አሰካክቶት ነበር፤ ከበሩ ሲደርስ ጠፋበት።

«እማሆይ፣ ምናለ ዛሬ ደውሎልዎታል?»

እንዝርቱ ትንሽ ዞረና ቆመ። እማሆይ ቀና ብለው አዩት፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ ጋቢው ሥር ያበጠውን ነገር።

«አልደወለም» አሉ። «አንተ ግን ጠየቅኸኝ።»

ይሄይስ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከ። ውሃ የሚያርከፈክፍ አልነበረም፣ ክንድ የሚይዝም አልነበረም፤ ወጉን እሱ አፍርሶታል። እማሆይ ራሳቸው ናቸው የእሱን ራስ በእጃቸው ይዘው የቆዩት። እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ጥጡን ሰብስበው እንቅባቸው ውስጥ ከተቱና ተነሥ፣ ንፋው አሉት።

ወጥቶ ነፋ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ድምፁ በብሎኬቱ አጥር መካከል ሄዶ ተመልሶ መጣ። ውሾች ጮኹ፤ መቀርቀሪያዎች ከውስጥ ሲጠብቁ ሰማ። ምናለ፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ሐዋርያት፣ አርፏል ብሎ ለፈፈ። ከአንድ አጥር በላይ፣ ከጠርሙሱ ስብርባሪ ኋላ፣ አንድ ጎረቤት ብቅ ብሎ አየው።

«ምናለን አንድ ጊዜ ገድለኸዋል እኮ፣ ይሄይስ» አለው። «ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት ልታስወስድ ነው?»

ይሄይስ ሬሳውን አይተሃል ቢሉት አላየም። እማኝ ቢሉት እማኙ ሉማሜ ነው። ሌላ በር ሄደ፤ በቀዳዳ ዓይን አየው እንጂ በሩ አልተከፈተም። እንደዚያ ያለ ብቸኝነት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። አንድ እናት ልጇ ሞቶባት ሰው የማይደርስላት በእሱ ስም ምክንያት ነው፤ ይህን አስቦ ጡሩምባውን ከድንጋይ ላይ ሊሰብረው አነሣው።

እጁን የያዙት እማሆይ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላው መጥተው ነበር። ጡሩምባውን ዝቅ አደረጉትና ከፊቱ ቀድመው ከመጀመሪያው የላሜራ በር ቆሙ። በሩን በመዳፋቸው መቱት።

«ምናለ ሞቷል» አሉ። «የምነግራችሁ እኔ እናቱ ነኝ። ውጡ።»

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ከዚያም ወደ ሦስተኛው። ይሄይስ ይነፋል፤ እሳቸው በሩን ይመታሉ፤ ያንኑ ቃል ይላሉ። አልጮኹም፣ ሙሾም አላወጡም። የገዛ ልጃቸውን መርዶ ለሰፈሩ ሁሉ በየደጁ አረዱ። ቁልፎች ሲከፈቱ ከኋላቸው ይሰማ ጀመር። ሴቶች ራሳቸውን ይዘው ወጡ። ያ ከአጥሩ በላይ የተናገረው ጎረቤት በባዶ እግሩ ሮጦ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ እሳቸውም ተነሥ፣ ገና ያልሰሙ አሉ ብለው አለፉት። ቢሆንም ሰው ሲወጣ በሩን ዘግቶ፣ አንድ አንድ ሰው ውስጥ አስቀርቶ ነበር የሚወጣው።

መጨረሻው ቤት ሲደርሱ ሴቶቹ ደገፏቸው። ወደ ቤታቸው ይዘዋቸው ሲመለሱ በራቸው ሲወጡ እንደተዉት ወለል ብሎ ነበር፤ ውስጡ ጨልሟል፣ እንቅቡ ከመድረኩ ላይ ነው። ተሽከርካሪ መጥቶ ነበርና ወደ ሉማሜ ሊሳፈሩ ነው። ይሄይስ ከልማዱ የተነሣ ሮጥ ብሎ በሩን ሳበና ጉበኑ ላይ ቁልፉን መፈለግ ጀመረ።

«ተወው፣ ይሄይስ» አሉት እማሆይ። «የሚወሰደው ተወስዷል።»

እጁን ከጉበኑ ላይ አወረደ። ዕድሜውን ሁሉ ዝጉ፣ ቆልፉ ሲል የኖረ ሰው፣ መጀመሪያ የገጠመውን በር ክፍቱን ትቶ ተከተላቸው።